ጁን 12 ሳይደርስ የእናቶቻችንን ቲቪ እናዘጋጅላቸው

የሽሮሜዳ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ማርች 29፣ 2009

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የእናቴን ጓደኛ ቤታቸው አደረስኳቸው። ዕድሜያቸው 70 አልፏል፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። "ሳትቀምስ አትሄድም" ብለው ሽሮ አቀረቡልኝ። ቲቪያቸው ያ ጀርባው ወፍራም የድሮ ቲቪ ነው፤ ላዩ ላይ ሁለት ቀንድ ያለው አንቴና ተቀምጧል። ከስክሪኑ ግርጌ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል። "ልጄ፣ ይሄ ጽሑፍ ከገና ጀምሮ አልጠፋም። የምከፍለው ዕዳ አለብኝ እንዴ?" አሉኝ። እስቲ አስቡት። ሦስት ወር ሙሉ ዕዳ አለብኝ ብለው ሲጨነቁ ከርመዋል።

ዕዳ አይደለም። ጽሑፉ የሚለው አናሎግ የሚባለው የድሮው የቲቪ ሥርጭት ሊቆም ነው ነው። መጀመሪያ የተቆረጠው ቀን ፌብሩዋሪ 17 ነበር። ብዙ ሰው ስላልተዘጋጀ ኮንግረስ ወደ ጁን 12 አራዘመው፣ ኦባማም ፈረመበት። ጁን 12 ዓርብ ቀን ነው፣ በእኛ ሰኔ 5 መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ጣቢያዎች በሙሉ በዲጂታል ብቻ ነው የሚያስተላልፉት። በቀንድ አንቴና የሚሠራ የድሮ ቲቪ ኮንቨርተር ቦክስ (ዲጂታሉን ለድሮ ቲቪ የሚቀይር ዕቃ) ካልተገጠመለት ባዶ ይሆናል።

ከዚያ ከቲቪው ሥር ያለውን መሳቢያ ከፍተው አንድ ፖስታ ሰጡኝ። ውስጡ ቀይ የፕላስቲክ ካርድ አለ። መንግሥት ለቦክስ መግዣ የሚሰጠው የ40 ዶላር ኩፖን ነው! የጎረቤት ልጅ አዝዞላቸው ኖሯል። እሳቸው የክሬዲት ካርድ ማስታወቂያ መስሏቸው አስቀምጠውታል። ኩፖኑ የሚያገለግለው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ ጊዜው አልፎበታል።

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ለዚህ ነው። መረጃው በፖስታ፣ በቲቪ፣ በስልክ ይመጣል፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፣ የቴክኒክ ቋንቋም ይበዛበታል። ቤታቸው ገብቶ ገመዱን የሚያስር ሰው ከሌለ ዋጋ የለውም። እያንዳንዳችን አንድ ቤት እንያዝ። የእናት፣ የአክስት፣ የጎረቤት፣ የማንም ይሁን። የምታውቁትንም እዚህ ጻፉ።


ማር ወለላ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ማርች 29፣ 2009

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። እኛ ቤት ኬብል አለ። እኛንም ይመለከተናል?


የሽሮሜዳ ልጅ
ማርች 29፣ 2009

ኬብል ወይም ዲሽ የተገጠመለት ቲቪ ምንም አይሆንም እህቴ። ግን ቤቱን አንዴ ዞር ዞር በይና እዪ። ወጥ ቤት ያለችው ትንሿ ቲቪ፣ የእማማ መኝታ ክፍል ያለው፣ እነሱ ብዙ ጊዜ ከኬብሉ ጋር አልተገናኙም። ችግሩ እዚያ ነው የሚፈጠረው።


ቴክኒሻኑ (ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ)
ማርች 30፣ 2009

እኔ ሥራዬ አንቴናና ዲሽ መግጠም ነው። ጥሩ ጉዳይ አንስተሃል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የቲቪውን ጀርባ ተመልከቱ። ከማርች 2007 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የገባ ቲቪ ሁሉ ዲጂታል መቀበያ ውስጡ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ስለዚህ በቅርብ የተገዛ ከሆነ ቦክስ አያስፈልገውም። ጀርባው ላይ ወይም መመሪያው ላይ በእንግሊዝኛ ኤቲኤስሲ (ATSC፣ የአሜሪካው ዲጂታል ሥርዓት ስም) የሚል ካለ በቃ። "ዲጂታል ሬዲ" ወይም "ኤችዲ ሬዲ" የሚለው ግን አያታልላችሁ። እሱ መቀበያ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ቦክስ የሚያስፈልገው ከሆነ አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንቴናው የሚመጣውን ክብ ገመድ ከቲቪው ነቅላችሁ ቦክሱ ጀርባ አንቴና መግቢያ ላይ እሰሩት። ከቦክሱ ጋር በካርቶኑ የሚመጣውን ሌላ ገመድ ደግሞ ከቦክሱ መውጫ ወደ ቲቪው። ቲቪውን 3 ቁጥር ላይ አድርጉት። ካልመጣ 4 ላይ። ከዚያ የቦክሱን ሪሞት ይዛችሁ ቻናል ስካን አድርጉ። ቦክሱ በአየር ላይ ያለውን ሁሉ ፈልጎ ይይዛል። 4-1፣ 5-1፣ 7-1፣ 9-1 እያለ ይደረድረዋል። አሁን ዲጂታሉም አናሎጉም እኩል እየተላለፉ ስለሆነ ዛሬውኑ ገጥሞ መሞከር ይቻላል። ጁን 12ን መጠበቅ አያስፈልግም።

በጣም ያረጀ ቲቪ ከሆነ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ የለውም፤ ሁለት ብሎን ብቻ ነው ያለው። ለእሱ በጥቂት ዶላር የምትገዛ ትንሽ ማገናኛ አለች። ደንበኞቼ ቦክሱን ገዝተው እዚህች ጋ ሲደርሱ ነው ተስፋ የሚቆርጡት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አናሎግ ሲደክም ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛበታል እንጂ ይታያል። ድምፁም ይሰማል። ዲጂታል እንደዚያ አይደለም። ጥሩ ከሆነ ጥርት ያለ ነው፣ ከደከመ ይቆራረጣል፣ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ከዚያ ጨርሶ ይጠፋል። መሐል ላይ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ "አንቴናዬ እስከ ዛሬ ሠርቷል" ማለት አይበቃም። ኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ከሆናችሁ አንቴናውን መስኮት አጠገብ አድርጉት። የዲሲ ጣቢያዎች ማማ ያለው ከከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ ቴንሊታውን አካባቢ ነው። አሌክሳንድሪያ ያለ ሰው ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ይምረጥ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወደ ደቡብ ምዕራብ።


ባለታክሲው (አርሊንግተን)
ማርች 30፣ 2009

እኔ ባለፈው ሳምንት ለአጎቴ ቦክስ ልገዛ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ "ቦክስ አያዋጣም፣ አዲስ ቲቪ ነው የሚያስፈልጋችሁ" አለኝ። 600 ዶላር የሚያወጣ አሳየኝ። አጎቴ ደግሞ ጡረታ ላይ ናቸው። ሳልገዛ ወጣሁ። ልክ ነው ያደረግኩት?


ቴክኒሻኑ
ማርች 30፣ 2009

በጣም ልክ ነህ። ቦክሱ ከ40 እስከ 80 ዶላር ነው። በኩፖኑ ስትገዛ ከኪስህ የምታወጣው ጥቂት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ቀረጡን ብቻ ትከፍላለህ። አጎትህ ቲቪያቸውን ከወደዱት ምንም አልጎደላቸውም። ግን ዕወቅ፣ ሁለት ኩፖን ይዘህ ሄደህ ለአንድ ቦክስ መጠቀም አይቻልም። አንድ ኩፖን ለአንድ ቦክስ ነው።


የሽሮሜዳ ልጅ
ማርች 30፣ 2009

ስለ ኩፖኑ ያጣራሁትን ልጨምር። ለአንድ ቤት ሁለት ይሰጣል። ጃንዋሪ ላይ የተመደበው ገንዘብ አልቆ ከሚሊዮን በላይ ሰው ወረፋ ይዞ ነበር። አሁን በአዲሱ የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ 650 ሚሊዮን ዶላር ተጨምሮበት ወረፋው እየተቃለለ ነው። ከሁሉም ደስ ያለኝ፣ ኩፖናቸው ሳይጠቀሙበት ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች እንደገና ማመልከት ይችላሉ። ለእማማ፣ ለእናቴ ጓደኛ፣ ዛሬ ማታ በስልክ አመለከትኩላቸው። የሚጠየቀው ስምና አድራሻ፣ ኬብል መኖር አለመኖሩ ነው። ገቢ አይጠይቁም። የመኖሪያ ፈቃድም አይጠይቁም። ይህን ፈርቶ ያላመለከተ ሰው ካለ ንገሩልኝ።

ማመልከቻው እስከ ጁላይ 31 ክፍት ነው። ግን ኩፖኑ በፖስታ ነው የሚመጣው፣ አትዘግዩ።


ቤዝመንት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ኤፕሪል 1፣ 2009

እኛ አራት ልጆች ሆነን ቤዝመንት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ላይ ባለቤቶቹ አሉ። እኔ ሳመለክት "ከዚህ አድራሻ ተጠይቋል" ብለው መለሱኝ። ምን ላድርግ?


የሽሮሜዳ ልጅ
ኤፕሪል 1፣ 2009

የሚቆጥሩት አድራሻን ነው ወንድሜ። በአንድ ጣሪያ ሥር ያላችሁ ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ ነው የምትታዩት። ባለቤቶቹ ኬብል ካላቸው ሁለተኛውን ኩፖን ላይፈልጉት ይችላሉ። በትሕትና ጠይቃቸው። ካልሆነ አራታችሁ ተዋጡና አንድ ቦክስ ግዙ። ለአንድ ሰው ቢበዛ 20 ዶላር ነው የሚደርሳችሁ።


ጥያቄ አለኝ (ዲሲ)
ኤፕሪል 3፣ 2009

ይቅርታ፣ ግን ለምን አስፈለገ? ሰው በሰላም ሲያይ የነበረውን ቲቪ ማጥፋት ግፍ አይደለም? እናቴ የነገረችኝን ልንገራችሁ። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በይፋ ባለቀለም ሆነ። እኛ ቤት የነበረው ጥቁርና ነጭ ቲቪ ግን አልቆመም። ባለቀለሙን በጥቁርና ነጭ ማየት ቀጠልን። አሁንስ ለምን እንደዚያ አይሆንም?


ቴክኒሻኑ
ኤፕሪል 3፣ 2009

እናትሽ ያነሱት ነገር ዋናው ነገር ነው። ቀለም ሲመጣ በድሮው ምልክት ላይ ተጨምሮ ነው የተላከው። የድሮ ቲቪ ቀለሙን ትቶ ቀሪውን ያነብ ነበር። ዲጂታል ግን ሌላ ቋንቋ ነው። ምስሉ ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ ተጨምቆ ነው የሚላከው። የድሮ ቲቪ ከዚያ ውስጥ የሚያነበው ነገር የለም። ቦክሱ አስተርጓሚ ነው በይው።

ለምን ለተባለው፣ አየሩ ላይ ያለው ቦታ ውስን ነው። አንድ አናሎግ ጣቢያ በሚይዘው ቦታ በዲጂታል ከአንድ በላይ ፕሮግራም ይገባል። ከ52 እስከ 69 ያሉት ቻናሎች ቦታ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል። ከዚያ ላይ የተወሰነው ለእሳት አደጋ፣ ለፖሊስና ለአምቡላንስ ሬዲዮ ይሰጣል። ሴፕቴምበር 11 የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ፖሊሶች በሬዲዮ መገናኘት አቅቷቸው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሌላው አምና ለስልክ ኩባንያዎች በጨረታ ተሸጧል፤ 19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው የገባው። እኔ በግሌ ጥቅሙን አምናለሁ። ግን 19 ቢሊዮን የሚያስገባ ሥራ ለሽማግሌዎቹ ቤት ሰው መላክ አያቅተውም ነበር ባይ ነኝ።


ቆራጥ (ሮክቪል)
ኤፕሪል 4፣ 2009

ይህን ሁሉ ከምትለፉ ኬብል አስገቡላቸው። ይገላገላሉ።


የሽሮሜዳ ልጅ
ኤፕሪል 4፣ 2009

ወንድሜ፣ በቅን ልቦና እንዳልከው ይገባኛል። ግን በጣም አልስማማም። እማማ የሚኖሩት በመንግሥት ድጎማ ነው። ከኪራይና ከመድኃኒት የተረፈቻቸውን ቆጥበው ጎንደር ላለችው እህታቸው ይልካሉ። ኬብል ሲገባ በየወሩ ሂሳብ አለ። የመጀመሪያው ዓመት ይረክሳል፣ ቀጥሎ ይጨምራል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ያ "ዕዳ አለብኝ እንዴ" ያሉት ሥጋት እውነተኛ ዕዳ ይሆንባቸዋል ማለት ነው። ቦክሱ አንዴ ይገዛል፣ አለቀ። በዚያ ላይ ነፃ ቻናሉ ራሱ ይጨምራል። የውጭ ሀገር ዜና የሚያሳየው ኤምኤችዚ አሁን በአንቴና በጥራት ይመጣል። አባቴ ከእሱ ላይ አይነሱም።


ባለታክሲው
ኤፕሪል 20፣ 2009

እንኳን አደረሳችሁ። ትናንት ለፋሲካ ሦስት ቤት ዞርኩ፤ በየቤቱ ዶሮ ወጥ በልቼ፣ በየቤቱ ቦክስ ገጠምኩ። ገመዱ ላይ አልተቸገርኩም፣ ቴክኒሻኑ ያለውን ነው ያደረግኩት። ያስቸገረኝ ሪሞቱ ነው።

አጎቴ 25 ዓመት ሙሉ አንድ ሪሞት ነው የሚያውቁት። አሁን ሁለት ሆነባቸው። ገጥሜ፣ አሳይቼ፣ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ሳልገባ ደወሉ። "ጠፋ!" ተመልሼ ወጣሁ። በድሮው ሪሞት ቻናል ለመቀየር 5 ተጭነው ቲቪው ከ3 ወጥቷል። ይህ ነገር ከአንዴም ሦስቴ ሆነ።

በመጨረሻ ያደረግኩት ይኸውላችሁ። የድሮው ሪሞት ላይ ማብሪያና ድምፅ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በሙሉ በፕላስተር ሸፈንኩት። የቦክሱን ሪሞት ማብሪያ በሚስቴ ጥፍር ቀለም ቀይ ቀባሁት። ቻናል መጨመሪያና መቀነሻውን ደግሞ ሌላ ቀለም። ከዚያ በወረቀት ላይ በአማርኛ በትልቁ ጻፍኩ፦ "መጀመሪያ ቲቪውን ያብሩ። ቀጥሎ ቀዩን ይጫኑ። ከጠፋ ይደውሉልኝ፣ ምንም አልተበላሸም።" ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሁለተኛና ሦስተኛ ቤት ከመጀመሪያው እንዲህ ነው ያደረግኩት። አንድም አልደወሉም።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ራሳቸው አጥፍተው ራሳቸው እንዲያበሩ አድርጉ። ሁለቴ። እያዩ መማርና እጅ ላይ ይዞ መማር አንድ አይደለም።


ማር ወለላ
ኤፕሪል 21፣ 2009

"ምንም አልተበላሸም" የምትለዋን ወደድኳት። እናቴ ቲቪው ሲጠፋ ሰበርኩት ብላ እየፈራች ሳትነካው ትውላለች። እኔም እጽፍላታለሁ።


ደሴ ናፍቆኛል (አሌክሳንድሪያ)
ሜይ 9፣ 2009

እኛ ሁለት ኩፖን ደርሶን አንዱን ብቻ ነው የፈለግነው። በሁለተኛው ቦክስ ገዝቼ ደሴ ላሉት ቤተሰቦቼ በሰው ልልክ አስቤያለሁ። አንድ ቀን እዚያም ዲጂታል መሆኑ አይቀርም አይደል?


ቴክኒሻኑ
ሜይ 9፣ 2009

አትላኪ እህቴ፣ አይሠራም። አሜሪካ የምትጠቀምበት የዲጂታል ሥርዓት ኤቲኤስሲ ይባላል። አፍሪካና አውሮፓ የሚሄዱት ዲቪቢ በሚባለው በሌላው መንገድ ነው። የጄኔቫው የ2006 ስምምነት የተፈረመው እሱን ይዞ ነው። ያንቺ ቦክስ ደሴ ላይ ዲጂታል ቢመጣ እንኳ ምንም አያይዝም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ በ110 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የአሜሪካ ቲቪ መላክም እንደዚሁ ነው፤ የኢትዮጵያ አናሎግ ፓል ነው፣ የዚህ ኤንቲኤስሲ። ሰው ሻንጣ ሙሉ ተሸክሞ ሄዶ እዚያ ሲያዝን አይቻለሁ።

ኩፖኑ ደግሞ ለዚህ ሀገር ቤት የተሰጠ ነው። ካልፈለግሽው ይቅር፣ ገንዘቡ ለሌላ ይተርፋል። ለደሴ ጊዜው ሲደርስ እዚያው የሚሸጠውን የሚገዙበት ብር ላኪላቸው።


የሽሮሜዳ ልጅ
ጁን 8፣ 2009

አራት ቀን ቀረን። የእማማ ኩፖን ደርሶ ቦክሱን ከገጠምኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። ደህና ነው። ግን አንድ ነገር እንዳትረሱ። የገጠማችሁ ሰዎች ሥራው አላለቀም። ዓርብ ዕለት ብዙ ጣቢያዎች ቦታ ይቀይራሉ። ቦክሱ ደግሞ የሚያስታውሰው የድሮውን ቦታ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ስካን ማድረግ የግድ ነው። ይህን በስልክ ማስረዳት ከባድ ነው። ከቻላችሁ ሂዱ።

በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ቲቪ ያላቸውም አሉ። መብራት ሲጠፋ፣ ማዕበል ሲመጣ የሚከፍቱት። እሱ ከዓርብ በኋላ አይሠራም። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ግዙላቸው። ሬዲዮ አልተነካም።


ማር ወለላ
ጁን 13፣ 2009

እርዱኝ! ትናንት ማታ ስካን አደረግኩ። 4፣ 5፣ 20፣ 26 አሉ። 7 እና 9 የሉም። እስከ ሐሙስ ድረስ ጥርት ብለው ነበር የሚታዩት። እናቴ ደግሞ ዜና የምታየው 7 ላይ ነው።


ባለታክሲው
ጁን 13፣ 2009

እኔም። ሦስቱም ቤት። ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም።


ቴክኒሻኑ
ጁን 13፣ 2009

ተረጋጉ። ዛሬ ዘጠኝ ቤት ሄጃለሁ፣ ዘጠኙም ጋ ያው ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። 7 እና 9 እስከ ዓርብ ድረስ ዲጂታላቸውን የሚልኩት ዩኤችኤፍ በሚባለው የሞገድ ክልል ነበር። ዓርብ አናሎጋቸውን ሲያጠፉ ዲጂታሉን ወደ ቀድሞ ቦታቸው፣ ቪኤችኤፍ ወደሚባለው ሌላ የሞገድ ክልል መለሱት። አሁን በሱቅ "ዲጂታል አንቴና" እየተባሉ የሚሸጡት ትንንሾቹ አንቴናዎች ብዙዎቹ ለዩኤችኤፍ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ለቪኤችኤፍ የሚያገለግሉት ሁለቱ ረጃጅም ቀንዶች ናቸው። የጣላችኋቸው ካላችሁ ከጋራዥ አውጧቸው።

ማር ወለላ፣ እንዲህ አድርጊ። ሁለቱን ቀንዶች እያንዳንዳቸው 40 ሳንቲሜትር ያህል አውጪያቸው። እስከ ጫፍ አትምዘዣቸው። ለ7 እና ለ9 የሚስማማው ርዝመት እሱ ነው። ከዚያ ወደ ጎን ዘርጊያቸው፣ እንደተዘረጋ ክንድ። አሁን አንቴናውን ከቦክሱ ንቀዪውና ባዶውን ስካን አድርጊ። ምንም አያገኝም፣ የድሮውን ሁሉ ይረሳል። ቦክሱን ከመብራት ነቅለሽ አንድ ደቂቃ ጠብቂ። አንቴናውን መልሰሽ እንደገና ስካን አድርጊ። አንዳንድ ቦክስ የድሮውን ትውስታ ካላጠፋሽለት አዲሱን ቦታ አይቀበልም።


ማር ወለላ
ጁን 13፣ 2009

መጣ! ሁለቱም መጡ። ቀንዱን መስኮቱ ዘንድ አድርጌ፣ በጎን ዘርግቼ። እናቴ እየመረቀችህ ነው። "ልጆቹን ያሳድግለት" እያለች ነው።


ባለታክሲው
ጁን 14፣ 2009

ሁለት ቤት ተስተካክሏል። ሦስተኛው 9 ይመጣል፣ 7 ይቆራረጣል። ሕንፃው ጀርባ ስለሆነ ይመስለኛል። ነገ ረዘም ያለ ገመድ ይዤ አንቴናውን ወደ ሳሎኑ መስኮት እወስደዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። ወንድሜ ያለበት ከተማ አንዳንድ ጣቢያ አናሎጉን ሙሉ በሙሉ አላጠፋም። እስከ 30 ቀን ድረስ ማስታወቂያ ብቻ እንዲያሳይ ተፈቅዷል፤ ቲቪህ አልተዘጋጀም፣ እንዲህ አድርግ የሚል። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ። እዚያ አንድ አባት ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ማስታወቂያ ሲያዩ ነበር። ዜና መስሏቸው። ወንድሜ ነው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዶ የገጠመላቸው።


የሽሮሜዳ ልጅ
ጁን 15፣ 2009

ያ አባት የእኛ ሰው ስለሆኑ ወንድምህ ደረሰላቸው። አምና ሴፕቴምበር ላይ ዊልሚንግተን፣ ኖርዝ ካሮላይና ለሙከራ ቀድመው አጥፍተው ነበር። እዚያም ብዙው ደዋይ ቀኑን ያላወቀ አልነበረም። ቦክስ ገዝቶ ስካንና አንቴና ያስቸገረው ነበር። ይህ ከታወቀ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ዘጠኝ ወር ሙሉ "ቦክስ ግዙ" እየተባለ ሲነገር ከርሞ "ሁለት ቀንድ ያለውን አንቴና አትጣሉ" የሚል ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ይህ ያናድደኛል።

እማማ ደህና ናቸው። ቅዳሜ ሄጄ ስካኑን አብረን አደረግን። ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑት።


ነታንያ (እስራኤል)
ማርች 21፣ 2011

ሰላም ወገኖች። ክሩ የቆየ መሆኑን አይቻለሁ፣ ግን በፍለጋ አግኝቼው አንድም ሳላስቀር አነበብኩት። እዚህም ተራችን ደርሷል። ማርች 31 አናሎግ ይጠፋል። ኢዳን ፕላስ የሚባል ነፃ ሥርጭት አለ፣ አምስት ቻናል ነው፦ 1፣ 2፣ 10፣ 33 እና 99። ወርኃዊ ክፍያ የለውም፣ መቀበያውን ብቻ መግዛት ነው። ለአያቴ ገዛሁ። እናንተ እንዳላችሁት ቲቪውን 3 ላይ አደረግኩት። ምንም የለም። 4 ላይም ምንም። ሜኑው በዕብራይስጥ ነው፣ እሱ አይቸግረኝም። ምን አጠፋሁ?


ቴክኒሻኑ
ማርች 21፣ 2011

ሰላም ወንድም፣ እንኳን ደህና መጣህ። ምንም አላጠፋህም። የ3ና የ4 ነገር የአሜሪካ ቦክስ ነው። እናንተ ጋ የሚሸጠው አብዛኛው በክብ ገመድ ወደ ቲቪው ምስል አይልክም። ክብ ገመዱ የአንቴናውን ምልክት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የቦክሱን ጀርባ እየው። ሰፋ ያለች ባለ ብዙ ጥርስ መሰኪያ ካለች ስካርት ናት። ወይም ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ይኖራሉ። በእሱ አገናኝና የቲቪውን ሪሞት ኤቪ የሚለውን ተጫን። የአያትህ ቲቪ ሁለቱም ከሌለው ምስሉን ወደ ክብ ገመድ የሚቀይር ሞዱሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጠይቅ።


ነታንያ
ማርች 22፣ 2011

ስካርት አለው! ሰካሁት፣ ኤቪ ተጫንኩ፣ መጣ። ፕላስተሩንም ለጠፍኩ፣ ቀዩንም ቀባሁ። አያቴ አማርኛም ዕብራይስጥም ማንበብ ስለማትችል በወረቀቱ ፈንታ ሥዕል ሣልኩላት። ቲቪ፣ ቀጥሎ ቀይ ነጥብ። ሁለቴ አጥፍታ ሁለቴ አበራች። አሁን ጎረቤቷን ጠርታ እያሳየቻት ነው። ጎረቤቷም ያው የድሮ ቲቪ ነው ያላት፣ ነገ ለእሷ ልገዛ ነው።